ባትሪ ሠሪዋ ጉያቱና የግራዝማች አውቶሞቢል

ጉያቱ ጃልዴሳ ቁጡ ሴት ነበረች። ነጌሌ ውስጥ እሷን የሚወድ ሰው ጥቂት ነበር፤ እሷም ለመወደድ ስትደክም አይቼ አላውቅም። ሥራዋ የመኪና ባትሪ መሙላት፣ የተቃጠለ ዲናሞ መጠቅለልና የጠፋ መብራት ማብራት ነበር። አንድ ቀን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከበሯ ላይ ቆሞ «ባለሙያው የለም?» ብሎ ጠየቃት። ጉያቱ ሠርታ የጨረሰችለትን ዲናሞ ከጠረጴዛው አንሥታ ደጅ አፈሩ ላይ አስቀመጠችና በሩን ዘጋችበት። ሰውየው ሦስት ቀን ተመላልሶ፣ ሽማግሌም ልኮ ነው ዲናሞውን የገጠመችለት።

እኔ ሀላኬ እባላለሁ፤ ያን ጊዜ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። አማርኛ ለማያውቅ ባለጉዳይም አስተረጉም ነበር። የምነግራችሁን ታሪክ ግማሹን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ግማሹን ደግሞ ሰዎች ምለው ሲናገሩ በእጄ ጽፌዋለሁ።

ጉያቱ የተወለደችው ዱብሉቅ፣ ከውሃ ጉድጓዶቹ አጠገብ ነው። እናቷ ስትሞት አጎቷ ወደ ነጌሌ አመጣት። አጎቷ ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ያልተመለሰ የአንድ ጣሊያን ጋራዥ ዘበኛ ነበር። ጣሊያኑ ሙሴ ብሩኖ ይባላል። ዓይኑ ደክሞ፣ እጁም መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበርና እንደ ፀጉር የቀጠነውን የዲናሞ መዳብ መጠቅለል አቃተው። ለልጅቷ ሰጣት። እሷ ጠቀለለች። ሳትሳሳት ስለጠቀለለች ሌላ ጨመረላት። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥር ዓመት አስተማራት፤ ሲያስተምርም ይሰድባት ነበር፤ እሷም በኦሮምኛ ትመልስለታለች። በ፲፱፻፶፪ ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲሄድ መሣሪያዎቹን ለእሷ ተወላት።

ጋልጋሎ የሚባል ከብት ነጋዴ አግብታ ነበር። እጇ ሁልጊዜ አሲድ አሲድ ይሸታል፣ ቀሚሷም በአሲድ ተበሳስቷል እያለ ሲጨቀጭቃት ኖረ። በመጨረሻ «ወይ እኔን ወይ ባትሪውን ምረጪ» አላት። ባትሪውን መረጠች። ጋልጋሎም አሬሮ ሄዶ ሌላ አገባ።

ከጉያቱ ቤት ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የሙሉነህ ጋራዥ ነበር። ሙሉነህ ከሰሜን የመጣ፣ በብየዳና በፍሬን ሥራ የተመሰገነ መካኒክ ነው። ኤሌክትሪክ ግን አይወድም፤ ትዕግሥት የለውም። ይህን ድክመቱን የሚያውቅበት ሰው ደግሞ ከፊት ለፊቱ ተቀምጧል። ስለዚህ ለደንበኞቹ ሁሉ «ሴት የነካችው ባትሪ አይበረክትም» ይላቸዋል። አነጋገሯንም እያስመሰለ ያሾፍባታል። ጉያቱም ትሰማለች። ጠዋት በሯን ስትከፍት እሱ ቆሞ ካየች፣ ፊቷን አዙራ ምራቋን ትተፋለች። በዚህ ሁኔታ ስምንት ዓመት ኖረዋል።

በ፲፱፻፷፩ ዓ.ም. ጥር ላይ ግራዝማች ወልደሥላሴ ከአዲስ አበባ አውቶሞቢል ገዝተው መጡ። ግራዝማች የቆዳና የእህል ነጋዴ ነበሩ፤ በወደራ አካባቢም ሰፊ መሬት አላቸው። መኪናዋ ሰማያዊ፣ አራት በር ያላት፣ ለቤተሰብ የምትሆን ነበረች። ያን ጊዜ ነጌሌ የሚገባው የጭነት መኪናና የመንግሥት ላንድሮቨር ነው እንጂ እንዲህ ያለ ነገር አይታወቅም። ሰው ሁሉ ቆሞ አየ። ወር ሳይሞላ ግን መኪናዋ ታመመች።

ግራዝማች መጀመሪያ የመጡት ጉያቱ ዘንድ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ በዛብሽ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«ምን ሆነች?» አለች ጉያቱ።

«መብራቷ ይደክማል፤ ክላክስ ስነካ ጭራሽ ይጠፋል። ጠዋት ጠዋት አትነሣም። ፊውዙም በየቀኑ ይቃጠላል። አዲስ መኪና አይደለችም እንዴ? ይህን ሁሉ በሽታ ከየት አመጣችው?»

«ከመንገዱ ነዋ። ይውረዱና ኮፈኑን ይክፈቱልኝ።»

ግራዝማች መታዘዝ ስላልለመዱ ትንሽ ቆም ብለው ከፈቱላት። ጉያቱ ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው፤ ወደ ታች ረገበ። «ይኸው አንዱ» አለች። «ቺንጋው ላልቷል። ዲናሞው በደንብ ካልዞረ ባትሪው ከየት ይሞላ?» አጠበቀችው። ከዚያ የባትሪው ራሶች ላይ እንደ ኖራ የጋገረውን ነጭ ነገር በሙቅ ውሃ አጥባ፣ በቢላዋ ፋቀችው። «ይኸው ሁለት። በዚህ ቆሻሻ ውስጥ ኤሌክትሪክ አያልፍም።»

ሦስተኛው ጊዜ ወሰደ። የተቃጠለውን ፊውዝ አወጣችና በቦታው ሁለት ሽቦ ያላት ትንሽ አምፖል አገናኘች። አምፖሏ አልበራችም። ጉያቱ ከሞተሩ ወደ ውስጥ የሚገባውን የሽቦ ጥቅል ይዛ ስትነቀንቀው አምፖሏ ቦግ አለች። ለቀቀችው፤ ጠፋች። ነቀነቀችው፤ ቦግ አለች። ከዚያ ወይዘሮ በዛብሽን «እግርዎን ያንሡልኝ» ብላ በጀርባዋ ከመሪው ሥር ገባች።

ስትወጣ ፊቷ አቧራ ብቻ ነበር። የተናገረችው ለወይዘሮ በዛብሽም ለግራዝማችም ነው። «ሽቦዎቹ በቆርቆሮው ውስጥ የሚያልፉበት ቀዳዳ ላስቲክ ነበረው፤ ወድቋል። ቆርቆሮው እንደ ምላጭ ነው፤ መኪናዋ በተንገጫገጨች ቁጥር የሽቦውን ልብስ እየበላው ነው። ራቁቱን የቀረው ሽቦ ቆርቆሮውን ሲነካ ፊውዙ ይቃጠላል።»

«በፕላስተር ጠቅልዪው።»

«ወደ ውስጥ ድረስ ተበልቷል፤ እጄ አይደርስም። ፈትቼ ሽቦ መቀየር አለብኝ። ሁለት ቀን ያስፈልገኛል።»

«ነገ ከነልጆቻችን ወደራ ክርስትና አለብን። ሌላ ፊውዝ ስጪኝ።»

«መንገድ ላይ ይቃጠላል።»

«እንግዲያው የማይቃጠል ወፍራም ነገር አድርጊበት!»

ጉያቱ እጇን በጨርቅ መጥረግ አቆመች። «ስሙኝ ግራዝማች። ፊውዙ ይቃጠልልዎ። እሱ ሲቃጠል ነው መኪናዋ የምትተርፈው። ወፍራም ነገር ካስገቡበት ሽቦው ራሱ ይነዳል። ልጆች ይዘው ነው የሚሄዱት።»

በዚህ ጊዜ ከፊት ለፊት ሙሉነህ ከሁለት ሾፌሮች ጋር ቆሞ ይሰማል። ግራዝማችም አይተውታል። ሰው ፊት በሴት መመከሩ ሳይከብዳቸው አልቀረም፤ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «የግመል እረኛ ልጅ መኪናዬን ሁለት ቀን ልታስርብኝ! ትናንት ከበረሃ የመጣሽ፣ እኔን ልታስተምሪ?»

ከዚያ ወዲያ አንቱታው ቀረ። ጉያቱ አማርኛ የተማረችው ትልቅ ሆና ነው፤ ቢሆንም ለማን «አንተ» ለማን «አንቱ» እንደሚባል ጠንቅቃ ታውቃለች። «ውሰዳት» አለች። «ቺንጋውንና ባትሪውን ሠርቼልሃለሁ፤ ለሱም ምንም አልፈልግም። ብቻ ከደጄ አንሣልኝ። ዴሚ!» ሂድ ማለቷ ነው።

ግራዝማች ጥርሳቸውን ነክሰው መኪናዋን አዞሩና መንገዱን ተሻግረው ሙሉነህ ጋራዥ አስገቧት። ሙሉነህ ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ኮፈኑን ዘግቶ፣ ጉያቱ እንድትሰማ ጮክ ብሎ «ከእንግዲህ አይቃጠልም፤ ክርስትናውን በሰላም ያድርስዎ!» አለ። ሾፌሮቹ ሳቁ።

በማግሥቱ ጠዋት ግራዝማች፣ ወይዘሮ በዛብሽና ሁለት ሴቶች ልጆቻቸው ወደ ወደራ ተነሡ። ከግማሽ መንገድ በላይ ሄደው አንድ ድንጋያማ አቀበት ሲጀምሩ፣ ከመሪው ሥር የላስቲክ ሽታ መጣ። ቀጥሎ ጭስ። ግራዝማች መኪናዋን አቁመው ወረዱ፤ እሳቱም ከመሪው ሥር ወጣ። ልጆቹ የተቀመጡበት የኋላው በር አልከፈት አለ። ወይዘሮ በዛብሽ የጋለውን እጀታ በቀኝ እጃቸው ይዘው እስኪከፈት ድረስ አልለቀቁም። ልጆቹን ጎትተው አወጡ። በአካባቢው ግመል የሚጠብቁ ሰዎች ሮጠው መጥተው መኪናዋ ላይ አሸዋ ቢበትኑም፣ ወንበሮቿና ጣሪያዋ ነደዱ። ሰው አልሞተም። የወይዘሮ በዛብሽ መዳፍ ግን ቆዳው ተገፎ እጀታው ላይ ቀረ።

ግራዝማች ማታውኑ በጭነት መኪና ነጌሌ ገቡ። በማግሥቱ ሙሉነህ ቤታቸው ሄዶ አጽናናቸው፤ ሲያጽናናቸውም አንድ ነገር በጆሯቸው አስቀመጠ። «እኔ የነካሁት ፊውዙን ብቻ ነው። ከመሪው ሥር ገብታ የተኛችው ማን ናት? ተጣልታችሁ ነው የተለያያችሁት። ሽቦውን ሳትቆርጠው አልቀረችም።»

ግራዝማች የሚፈልጉት ይህንኑ ነበር። አመለከቱ። ጉያቱ በጠራራ ፀሐይ ከሥራዋ ላይ ተይዛ፣ በሙሉነህ ፊት አልፋ ጣቢያ ገባች። ሦስት ቀን ታሰረች። ስንቅ ይዤላት ብሄድ «ያንተ ዳኛ ነው ያሳሰረኝ፤ ምግብህን ውሰድ» አለችኝ። ያሳሰራት ዳኛው እንዳልሆነ ብነግራትም አልሰማችኝም። ምግቡን ግን ከእጄ ነጥቃ ለጎረቤቷ እስረኛ ሰጠችው።

ጉዳዩ ችሎት ሲቀርብ ግራዝማች ረዥም ነገር ተናገሩ። ጉያቱ አስተርጓሚ ይሰጣት እንደሆነ ስትጠየቅ «ለስድቡ አማርኛ ከበቃኝ ለክርክሩም ይበቃኛል» አለች። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለመነች። «መኪናዋን የነካ ሰው የለም፤ እዚያው መንገድ ላይ ናት። ሄዳችሁ የፊውዙን ሳጥን ክፈቱት። እኔ እጄን አላስገባም።»

ዳኛው ፈቀዱ። እኔን፣ ኮርፖራል ጃታኒን፣ ጉያቱንና ሙሉነህን በአንድ የጭነት መኪና ላኩን። ሁለቱ ፊት ለፊት፣ እኔና ኮርፖራሉ በየጎናቸው ተቀመጥን። መንገዱ ሩቅ ነው። መኪናው ሲንገጫገጭ ጉልበታቸው ይነካካል፤ ያን ጊዜ ሁለቱም እንደተቃጠለ ሰው ይሰበሰባሉ። በመካከል ሙሉነህ ሲጋራ አውጥቶ ለኮርፖራሉና ለእኔ ሰጠን። ጭሱን ሆን ብሎ ወደሷ ነፋው። ጉያቱ ዓይኗን እንኳ አልጨፈነችም።

የተቃጠለችው አውቶሞቢል ከመንገዱ ዳር ጠቁራ ቆማለች። እሳቱ የበላው ውስጡን ነው፤ ሞተሩ ያለበት በኩል ብዙ አልተነካም። ጉያቱ ወደ መኪናዋ አልተጠጋችም። እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ፣ ሁላችንም እንድናያት አሥር እርምጃ ርቃ ቆመች። «በግራ በኩል ጥቁር ሳጥን አለ። ኮርፖራል፣ አንተ ክፈተው» አለች።

ክዳኑ ቀልጦ ተጣብቆ ነበር። ጃታኒ በጩቤ ፈልቅቆ ከፈተው። አራት ፊውዝ የሚቀመጥበት ቦታ አለ። በሦስቱ ላይ ነጭ የሸክላ ፊውዞች ተቀምጠዋል። በአራተኛው ላይ ግን ፊውዝ የለም፤ ሦስት አራት ጊዜ የተገመደ የመዳብ ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጠምጥሟል። ሽቦው ጠቁሯል እንጂ አልተበጠሰም።

«ጻፍ!» አለችኝ ጉያቱ። ሦስት ፊውዝ፣ አንድ የመዳብ ሽቦ ብዬ ጻፍኩ።

ሙሉነህ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ወዲያው ግን ጮኸ። «እሷ ናት ያስገባችው! እኔ ሳየው ቀድሞ ነበር! የዲናሞ መዳብ ያለው እሷ ቤት አይደለም?»

ጉያቱ ከቆመችበት ዘልላ ሄደችበት። ኮርፖራሉ በመካከል ባይገባ ኖሮ ፊቱን ትቧጭረው ነበር። በኦሮምኛ ያወረደችበትን ስድብ አልተረጎምኩም፤ የጠየቀኝም የለም።

ወደ ችሎት ስንመለስ ነገሩ አልተፈታም። ሽቦው ተገኝቷል፤ ማን አስገባው? ሙሉነህ እሷ ናት ይላል፣ ጉያቱ እሱ ነው ትላለች። በሙሉነህ ደጅ የሳቁት ሾፌሮች አንዱ ሞያሌ፣ አንዱ የት እንደሄደ አይታወቅም። ዳኛው አሰቡና ግራዝማችን ጠየቋቸው። «መኪናዋ ስትሠራ ከእርስዎ ሌላ ማን ነበር?»

«ማንም።»

«ባለቤትህ ነበረች» አለች ጉያቱ። «እግሯን አንሥታልኝ ነው ከመሪው ሥር የገባሁት።»

«ባለቤቴ ታማለች፤ ተኝታለች» አሉ ግራዝማች ድምፃቸው ተለውጦ።

ዳኛው ቀጠሮ ሰጡ፤ ወይዘሮ በዛብሽም ተጠሩ። በቀጠሮው ቀን ቀኝ እጃቸው እስከ ክርናቸው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ መጡ። እውነቱን እናገራለሁ ብለው ማሉና መስቀሉን በግራ እጃቸው ይዘው ሳሙ። ግራዝማች ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ከባለቤታቸው አልነቀሉም። ያን አስተያየት እኔም ከጠረጴዛዬ ሆኜ ፈርቼዋለሁ።

«ያዩትን ይናገሩ» አሉ ዳኛው።

ወይዘሮ በዛብሽ ወደ ባላቸው አላዩም። «ይህች ሴት ወፍራም ነገር ከገባበት ሽቦው ይነዳል ብላናለች። ልጆች ይዛችሁ ነው የምትሄዱት ብላናለች። ባለቤቴ ሰደባት። ከዚያ ወደ ሙሉነህ ጋራዥ ሄድን። እኔ ከመኪናው አልወረድኩም። ኮፈኑ ክፍት ስለነበር የሚሠራውን ከኮፈኑ ሥር ባለው ክፍተት አያለሁ። ሙሉነህ ከመሬት ሽቦ አነሣ፤ በጥርሱ ልጦ ገመደውና ከሳጥኑ ውስጥ አስገባው። ባለቤቴም ቆሞ ያይ ነበር።»

ሙሉነህ መሬት መሬት ያያል።

«ይህን እስካሁን ለምን አልተናገሩም?» አሉ ዳኛው።

«የጠየቀኝ የለም» አሉ ወይዘሮ በዛብሽ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ግራዝማች ዞሩ። «በአሥራ ስድስት ዓመት ትዳር ውስጥ ምን አየሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ጉያቱ ነፃ ወጣች። ሙሉነህ በቸልተኝነት ሰው ለጉዳት ዳርጎ በሐሰትም ሌላ ሰው ወንጅሏል ተብሎ ስድስት ወር ታሰረ። ግራዝማች ከችሎቱ ሲወጡ ጉያቱ ደረጃው ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ሰው ሁሉ ይቅርታ የሚጠይቋት መስሎት ጆሮውን አቆመ።

«ሦስት ቀን ታስሬያለሁ» አለቻቸው።

«መኪናዬ ተቃጥላለች። የሚስቴ እጅ ተቃጥሏል። ያንቺ ምንሽ ጎደለ?» አሉና አለፏት።

ጉያቱ ደረጃውን ወርዳ ወደ ባትሪዎቿ ሄደች። ብትሳደብ ኖሮ ይህን ያህል አይገርመኝም ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወይዘሮ በዛብሽ አንድ ማሰሮ ማር አስይዘው ጉያቱ ደጅ መጡ። እኔ የቢሮ የእጅ ባትሪ ለማሠራት እዚያው ነበርኩ። ጉያቱ ከጠረጴዛዋ ላይ ቀና አለች እንጂ አልተነሣችም፤ ግቢም አላለቻቸውም።

«እግዚአብሔር ይስጥሽ ልልሽ ነው የመጣሁት» አሉ ወይዘሮ በዛብሽ። «እንደነገርሽን ብንሰማ ኖሮ…»

«በመጀመሪያው ቀን ብትናገሪ ኖሮ አልታሰርም ነበር።»

«ፈራሁ።»

«እኔስ አልፈራሁም?»

ማሩን ያመጣችው ሠራተኛ ማሰሮውን ማውረድ አለማውረድ ግራ ገብቷት ቆማለች። ጉያቱ በዚህ መካከል ከጠረጴዛዋ ተነሥታ መጣች። «እጅሽን ዘርጊው» አለች። ጨርቁን በራሷ ፈታች። ሐኪም እንዳልሆነች አውቃለሁ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ግን አሲድ ሲያቃጥላት ኖሯል። መዳፉን ገልብጣ አየች፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው። ወይዘሮ በዛብሽ ከሕመሙ ብዛት ከንፈራቸውን ነከሱ።

«ቢያምሽም በየቀኑ አንቀሳቅሺያቸው። ከተውሻቸው እንደዚህ ታጥፈው ይደርቃሉ» አለች። ጨርቁን መልሳ ጠቀለለችላቸው፤ የጠቀለለችው እንደ ዲናሞ መዳብ በጥንቃቄ ነው። «አሁን ሂጂ። ማሩንም ውሰጂው። ከዚያ ቤት የመጣ ነገር አልበላም።»

ወይዘሮ በዛብሽ እያለቀሱ ሄዱ። እኔ ተናደድኩ። «እውነቱን ባይናገሩ ዛሬም እስር ቤት ነበርሽ እኮ!» አልኳት። ጉያቱ የእጅ ባትሪዬን ሳትሠራው ወደ እኔ ገፋችው። «አንተም ሂድ» አለች።

ግራዝማች በዓመቱ ሌላ አውቶሞቢል ገዙ። መብራቷ በጠፋ ቁጥር ይርጋለም ድረስ ይወስዷታል እንጂ ጉያቱ ደጅ አላደረሷትም። ወይዘሮ በዛብሽ ሁለቱን ልጆች ይዘው ወደራ ከእናታቸው ዘንድ ሄዱ፤ ለጥቂት ቀን ነው ተብሎ ነበር፤ አልተመለሱም። ጣቶቻቸው እንደዳኑ ሰምቻለሁ። ሙሉነህም ስድስት ወሩን ጨርሶ ወጣና ጋራዡን እንደገና ከፈተ። ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ሊያስታርቋቸው ሞከሩ። ሙሉነህ እሺ ብሎ ነበር። ጉያቱ ሽማግሌዎቹን በክብር አስቀምጣ፣ ወተት አቅርባ፣ ንግግራቸውን እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ «እናንተን አከብራለሁ። እሱን ግን አልታረቅም» አለች። ሽማግሌዎቹም ወተቱን ጠጥተው ሄዱ።

በ፲፱፻፷፭ ዓ.ም. ወደ አሬሮ ተዛወርኩ። በመጨረሻው ቀን ልሰናበታት ብሄድ ከአንድ ላንድሮቨር ሥር ተኝታ አገኘኋት፤ የሚታየኝ እግሯ ብቻ ነው።

«ናጋያ፣ አዴ ጉያቱ» ብዬ በኦሮምኛ በአክብሮት ሰላም አልኳት። «እኔ ነኝ፣ ሀላኬ። ተዛውሬ ልሄድ ነው።»

«ብርሃን ጋረድከኝ፤ ዞር በል» አለች።

ዞር አልኩላት። ትወጣ እንደሆነ ትንሽ ቆሜ ጠበቅሁ፤ ፒንሳዋ ብረት ሲነካ ብቻ ይሰማል። ስላልወጣች ሄድኩ።